የባለቤቴ ቅድመ አያቶች ከ1800 በፊት ጠፉብኝ፦ የጥንት ፈረንሳውያን ሰፋሪዎችን የዘር ሐረግ የምታውቁ እርዱኝ

የሞንትሪያሏ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሞንትሪያል ነው። ባለቤቴ የኩቤክ ሰው ሲሆን የቤተሰባቸው ስም ቦልዩ ነው። በእኔ በኩል አባቴ እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሮኛል፤ ልጆቼም በቃላቸው ይወጡታል። በባለቤቴ በኩል ግን ከወንድ አያቱ ያለፈ የሚያውቅ አላገኘሁም። አንድ አጎቱ ብቻ በየገናው ማዕድ ላይ «እኛ እኮ ከመኳንንት ነን፤ ስማችን ራሱ የርስት ስም ነው» ይላሉ። ማስረጃ ሲጠየቁ ወይን ይቀዳሉ።

ከአማቴ ተነሥቼ ጋብቻ በጋብቻ ወደ ኋላ ሄድኩ። እስከ 1800ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ሁሉም ከኩቤክ ከተማ በታች፣ በቅዱስ ሎራን ወንዝ ደቡብ ዳርቻ፣ ካሙራስካ አካባቢ የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን በዚያ አገር ቦልዩ የሚባል ሰው የተወለደ አይመስልም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አንዱ የዘር ሐረግ ከፓሪስ ባላባት፣ ሌላው ከኖርማንዲ መስፍን ጋር ያገናኛቸዋል፤ ሁለቱም መዝገብ አይጠቅሱም። ምን ይሻለኛል? (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መዝገብ አንባቢ

እህቴ፣ ሰውየው አልጠፋም፤ በሌላ ስሙ ተመዝግቦ ነው የሚጠብቅሽ።

በኑቬል ፍራንስ፣ ማለትም ፈረንሳይ በሰሜን አሜሪካ በያዘችው ግዛት፣ አንድ ቤተሰብ ሁለት ስም መያዙ የተለመደ ነበር። አንዱ ከአባት የመጣው ስም ነው፤ ሁለተኛው «ዲ» በምትል ቃል ተያይዞ ይመጣል፣ «እገሌ የሚባለው» ለማለት። ብዙው ከጦር ሠራዊት የመጣ ነው። ወታደሩ ሲመዘገብ ቅጽል ስም ይወጣለታል፤ ላፍለር፣ ሳንሱሲ፣ ላቱሊፕ፣ ዦሊኬር የሚባሉት ሁሉ መነሻቸው ይኸው ነው። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ደጃዝማች ባልቻን ሳፎ ብሎ በአባታቸው የሚጠራቸው ስንት ሰው ነው? አባ ነፍሶ ሲባል ግን ሁሉም ያውቃቸዋል። ልዩነቱ እዚያ ቅጽል ስሙ ለልጅ ልጅ መተላለፉ ነው። አንዱ ወንድም በአባቱ ስም፣ ሌላው በቅጽሉ ይመዘገባል፤ በ1800ዎቹ ነው አብዛኛው ቤተሰብ በአንዱ የረጋው።

ካሙራስካ ካልሽ ደግሞ ጎረቤቱ ሪቪዬር ዌል ነው። እዚያ የሰፈረ ፒየር ኡዶን ዲ ቦልዩ የሚባል ሰው ነበር፤ በ1665 ከመጣው የካሪኛን ሳልዬር ክፍለ ጦር ወታደር፣ ሙያው ዳቦ ጋጋሪ፣ በ1676 ማሪ ጎቤይን ያገባ። ዘሮቹ ገሚሶቹ ኡዶን፣ ገሚሶቹ ቦልዩ ይባላሉ። ስለዚህ በምትፈልጊበት ደብር «ኡዶን» በሚለው ስም እንደገና ፈልጊ። ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ ቦልዩ የሚለውን ቅጽል የያዙ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። ስም ስለተገጣጠመ ዘር ተገጣጠመ ማለት አይደለም። ሰንሰለቱን ጋብቻ በጋብቻ እስከ ላይ ሳትዘጊ «አገኘሁ» እንዳትዪ።

ለምን ጋብቻ አልኩ? የክርስትና መዝገብ ሕፃኑንና ወላጆቹን፣ የክርስትና አባትና እናቱን ይነግርሻል፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሦስት ሕፃናት በአንድ ደብር ሲገኙ ግን የትኛው የአንቺ እንደሆነ አይነግርሽም። የጋብቻው መዝገብ የሙሽራውንም የሙሽራይቱንም አባትና እናት ይጠራል፣ ከየትኛው ደብር እንደመጡ ይናገራል፣ ማስታወቂያው በሦስት እሑዶች ተነቦ ተቃዋሚ አለመቅረቡን ይገልጻል፣ ምስክሮቹን ይዘረዝራል፤ ብዙ ጊዜም «መፈረም አይችሉም» ብሎ ይዘጋል። አንድ ወጥመድ አለው፦ ሙሽራው ሚስቱ የሞተችበት ከሆነ ቄሱ ወላጆቹን ትተው የሟቿን ስም ብቻ ይጽፋሉ። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ጋብቻ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ሌላው ቀኑ ነው። የ7 ቁጥር ተጽፎ ከአጠገቡ ትንሽ «ብር» የምትል ጭራ ካየሽ ሐምሌ አይደለም፤ ሴፕቴምበር ነው። 8 ኦክቶበር፣ 9 ኖቬምበር፣ የሮማው አሥር ደግሞ ዲሴምበር። ሴፕት ማለት ሰባት ስለሆነ በድምፁ ነው ያሳጠሩት። ስንቱ ሰው በዚህ የተነሣ ልጅን ከእናቱ ጋብቻ በፊት እንዳስወለደ ብነግርሽ ትስቂያለሽ።

ዘኦታዋ

ጋሼ ሁሉን ብለውታል፤ እኔ ቦታውን ብቻ ልጠቁም። የካቶሊክ ደብሮች መዝገብ ምስሎች ፋሚሊ ሰርች ላይ በነፃ አሉ። የድሩዌን ስብስብ የሚባለው ከ1940ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተቀዳ ነው፤ በክፍያ ነው፣ ግን ማውጫው ጊዜ ይቆጥባል። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ1966 የጀመሩት የታሪካዊ ሥነ ሕዝብ ፕሮግራም ደግሞ የጥንቱን ሕዝብ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር ከየደብሩ ለቅሞ በየቤተሰቡ አሰናድቶታል።

የአባ ሲፕሪየን ታንጌ መዝገበ ትውልድ፣ ከ1871 እስከ 1890 በ7 ቅጽ የታተመው፣ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አንድ ቄስ ያለ ኮምፒውተር ያን ሁሉ መሥራታቸው ይደንቃል፤ ስሕተት ግን ሞልቶበታል። መነሻ እንጂ መድረሻ አታድርጊው።

ደብተራው

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የአገሬውን መሬት የያዙ ቅኝ ገዢዎችን ዘር በአማርኛ መድረክ ላይ የምንቆጥረው ለምንድን ነው? የራሳችን ሰው ዘሩን የሚጽፍለት አጥቶ፣ እኛ የፈረንሳይ ዳቦ ጋጋሪ እናሳድዳለን።

የሞንትሪያሏ

ደብተራው፣ የምፈልገው የልጆቼን ዘር ነው። ግማሹ የደብረ ብርሃን ነው፣ ግማሹ የካሙራስካ። ከመሐሉ የቱን ልቁረጥ?

ልደታ

ደብተራው ያነሣው ነገር በስድብ መልክ መጣ እንጂ ቁም ነገር አለው። መዝገቡን የሚያነብ ሰው የሰፋሪዎቹን ስም ብቻ ከለቀመ ግማሹን ገጽ ዘለለ ማለት ነው።

በ1617 ከፓሪስ ከሚስቱ ከማሪ ሮሌና ከልጆቹ ጋር ኩቤክ የገባውን ሉዊ ኤቤርን ሁሉም ያውቀዋል፤ መድኃኒት ቀማሚ ነበር፣ በዚያ አገር መሬት አርሶ የኖረ የመጀመሪያው የፈረንሳይ ቤተሰብ አባት ይባላል። ሴት ልጁ ጊዬሜት በ1621 ጊዮም ኩያርን አገባች። በ1629 የእንግሊዝ ወገን የሆኑት የከርክ ወንድማማቾች ኩቤክን ሲይዙ የከተማዋ መሥራች ሻምፕላንና አብዛኛው ሰው ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ ይህ ቤተሰብ ግን ቀረ። እነዚያው እንግሊዞች ከማዳጋስካር እንደመጣ የሚነገርለት አንድ ልጅ አምጥተው ነበር፤ ተሽጦ ኖሮ በመጨረሻ እኚሁ ኩያር ቤት ገባ። በ1633 ክርስትና ሲነሣ ኦሊቪዬ ለ ዤን ተባለ። በ1654 ሞተ። በካናዳ በስም ከታወቁት ጥቁር ባሮች የመጀመሪያው ነው።

ታሪክ ጸሐፊው ማርሴል ትሩዴል ደብር ለደብር ዞረው ወደ 4,200 የሚሆኑ ባሮችን ቆጥረዋል፤ ከሦስት ሁለቱ እጅ የአገሬው ተወላጆች ናቸው። መዝገቡ «ፓኒ» ይላቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ የአባታቸው ስም የለም፣ የጌታቸው ስም ግን አለ። ስለዚህ የሞንትሪያሏ፣ የሰፋሪውን ጋብቻ ስታገላብጪ ከላይና ከታች ያለውንም አንብቢ። የባለቤትሽ ዘር እዚያ ውስጥ አለመኖሩን በምን ታውቂያለሽ?

ደብተራው

ይህን ቀድማችሁ ብትጽፉት ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር። ቀጥሉ።

የሞንትሪያሏ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት! በ1790ዎቹ ሪቪዬር ዌል ውስጥ የተፈጸመ ጋብቻ አገኘሁ፤ ሙሽራው «ኡዶን ዲ ቦልዩ» ተብሎ ተጽፏል፤ ልጁ ክርስትና ሲነሣ ግን «ቦልዩ» ብቻ ተብሏል። ያ ልጅ ነው የጠፋብኝ። ከዚያ ወደ ላይ መዝገቡ በደንብ ይነበባል፤ እርስዎ ያሉት ዳቦ ጋጋሪ ድረስ ተያያዘልኝ። አጎትየው ስነግራቸው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «ታዲያ የንጉሡ ዳቦ ጋጋሪ ነበር?» አሉ።

አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ እስካሁን የሄድኩት በወንዶቹ መስመር ብቻ ነው፤ የሴቶቹስ ይገኛል? ሁለተኛ፣ ከፈረንሳይ ወዲህ ብቻ ነው ወይስ ወዲያም መሻገር ይቻላል?

መዝገብ አንባቢ

የሴቶቹ ይገኛል፤ ይህ አገር ከሌላው የሚሻልበትም አንዱ ይኸው ነው። በኩቤክ መዝገብ ሴት አግብታም፣ ልጅ ወልዳም፣ ተቀብራም በአባቷ ስም ነው የምትጻፈው፤ እንደ እኛ። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶችን ዘር የሚፈልጉ ሰዎች «ማርያም፣ የስሚዝ ሚስት» ላይ ደርሰው ግድግዳ ይገጥማቸዋል፤ አንቺ አይገጥምሽም።

በሴቶቹ መስመር ስትወጪ ከ1663 እስከ 1673 ድረስ የመጡ «የንጉሡ ልጆች» የሚባሉትን ሳታገኚ አትቀሪም። ወደ 770 ይሆናሉ። የንጉሥ ዘር ሆነው አይደለም፤ ሉዊ 14ኛ የመርከባቸውን ዋጋ ስለከፈለና ለብዙዎቹ ጥሎሽ ስለተመደበ ነው። ብዙዎቹ ወላጅ አልባ ነበሩ፤ ከፓሪሱ የሳልፔትሪዬር መጠለያ የመጡም አሉ። በ1666 የንጉሡ ሹም ዣን ታሎን የቅኝ ግዛቱን ሕዝብ ሲያስቆጥር ጠቅላላው 3,215 ሰው ነበር፣ ወታደሩና አገሬው ሳይቆጠር፤ ወንዱም ከሴቱ እጅግ ይበልጥ ነበር። የካሪኛን ወታደሮች ሲሰናበቱ ወደ 400 የሚሆኑት ቀሩ፤ ብዙዎቹም እነዚህን ሴቶች አገቡ። የታሎን ቆጠራ ስምን፣ ዕድሜንና ሙያን ስለሚዘረዝር እንደ ወርቅ ነው፣ ዕድሜውን ግን አትመኚው፤ በዓመቱ፣ በ1667፣ እንደገና ሲቆጠሩ አንዳንዱ ሰው አምስት ዓመት አርጅቷል፣ አንዳንዷም በአንድ ዓመት ወጣት ሆናለች።

ከመዝገቡ ጎን የኖተሮችን ሰነድ አትርሺ፤ የዛሬው ውልና ማስረጃ በሉት። ጥንዶቹ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት የጋብቻ ውል ይዋዋላሉ። በካናዳ ተጠብቆ የቆየው ጥንታዊው በ1636 በሮቤር ድሩዌንና በአን ክሉቲዬ መካከል የተደረገው ነው፤ የጻፈው ዣን ጉዮን ሲሆን ሙሽራይቱ ገና አሥር ዓመቷ ነበር። አባቷ ዛካሪ ክሉቲዬ ከፈረንሳዩ ፐርሽ የመጣ አናጺ ነው፤ ፊደል አያውቅም ነበርና በፊርማ ፈንታ መጥረቢያ ይሥል ነበር። ሰውየው ሲሞትም ኖተሩ ቤት ይገባና ብረት ድስቱን፣ አልጋውን፣ ላሟን፣ የተቀደደውን ብርድ ልብስ ሳይቀር በዋጋ ይመዘግባል። እኔ ከመዝገብ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። በኩቤክ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፤ የእጅ ጽሑፉ ካስቸገረሽ እዚህ ለጥፊው።

ወደ ፈረንሳይ ለመሻገር ቁልፉ ያው የመጀመሪያው ጋብቻ ነው፤ ሙሽራው ከየት ደብርና ከየት ሀገረ ስብከት እንደመጣ ይናገራል። «ፊሺዬ ኦሪዢን» የሚባል ነፃ ማውጫ አለ፤ የኩቤክና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎች የክርስትና መዝገብ እዚያው ፈረንሳይ እየፈለጉ የሚያስገቡበት ነው። መጀመሪያ እሱን እይ፤ ከሌለ የክፍለ ሀገሩን ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ግቢ። ለሥራ ተዋውለው የመጡትን ደግሞ ላ ሮሼል ኖተሮች ዘንድ ታገኛለሽ፤ ብዙው ለ3 ዓመት ይዋዋል ስለነበር «ሠላሳ ስድስት ወሮች» ይባሉ ነበር።

በፈረንሳይ መዝገቡ ገደብ አለው። ንጉሡ በ1539 ክርስትና እንዲመዘገብ፣ በ1579 ደግሞ ጋብቻና ቀብር እንዲጨመር አዘዘ፤ የታዘዘው ሁሉ ግን አልተጻፈም፣ የተጻፈውም ሁሉ አልቆየም። ኩቤክ ራሱ የመጀመሪያው መዝገብ በ1640 ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተቃጥሏል፤ ከ1621 ጀምሮ ያለውን ሰው ከትውስታው እያወጣ ነው እንደገና የጻፈው።

የሞንክተኗ

የሞንትሪያሏ፣ አንቺ ታድለሻል። የእኔ ባለቤት አካዳዊ ነው፤ በዛሬዋ ካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ፣ አካዲ በሚባለው አገር ከሰፈሩት ፈረንሳውያን ዘር። የእነሱ ሰፈራ ከኩቤክም ይቀድማል፤ ፖር ሮያል የተቆረቆረችው በ1605 ነው። ነገር ግን ከ1755 ጀምሮ እንግሊዞች ሕዝቡን እየለቀሙ በመርከብ ሲበትኑት መዝገቡም አብሮ ተበተነ። የግራን ፕሬ ደብር መዝገብ ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ሉዊዚያና፣ ባተን ሩዥ! ተሰዳጆቹ ተሸክመውት ሄደው ነው።

በጣም የረዳኝ ደግሞ ሌላ ነው። በእንግሊዝ እስር ቆይተው ፈረንሳይ ከገቡት መካከል 78 ቤተሰቦች በ1765 ቤል ኢል በምትባል ደሴት ሰፈሩ። መዝገባቸው ስለጠፋ በ1767 መንግሥት እያንዳንዱን አባወራ አስምሎ ዘሩን አስቆጠረው፤ ከማን እንደተወለደ፣ አያቱ ከማን፣ የመጀመሪያው ሰው ከየት እንደመጣ፣ ማን የት እንደሞተ። ቄሶቹ እየሰሙ ጻፉ። በቃል የተቆጠረ ዘር ነው፤ በኋላ ከተገኙት መዝገቦች ጋር ሲነጻጸር በቅድመ አያቶቹ ላይ ቢዛነፍም በአባትና በአያት ላይ ብዙም አይስትም። አካዳዊ የያዘ ሰው ካለ ከዚያ ይጀምር።

ሰባት ቤት

ሁላችሁም ጎበዞች ናችሁ፤ አንድ ቀዝቃዛ ውኃ ላፍስስባችሁ። ከዛካሪ ክሉቲዬ መወለድ ማዕረግ አይደለም። እስከ 1800 ድረስ ብቻ ከአሥር ሺህ በላይ ያገቡ ዘሮች ተቆጥረውለታል። የጥንት ኩቤክ ደም ያለው ሰው እሱን በአንድ መስመር ካላገኘ በሌላው ያገኘዋል። ትራምብሌ የሚባሉትም ሁሉ በ1647 ከመጣው ከአንዱ ፒየር ትራምብሌ ነው የሚወለዱት።

በምራቅ የሚመረመረውን የዘረ መል ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ተመልከቱት። በጥቂት ሺህ ሰዎች ተጀምሮ እርስ በርሱ ሲጋባ የኖረ ሕዝብ ስለሆነ፣ ኩባንያው «የሦስተኛ ዘመድ» ያለሽ ሰው በአራት በአምስት መስመር የሩቅ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ትንሹ ተደምሮ ቅርብ ያስመስለዋል።

ከማርሴይ

ለጠቅላላ እውቀት፦ ከካናዳ ውጭ ያሉትን ቅኝ ግዛቶች የምትፈልጉ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ያለውን የባሕር ማዶ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ እዩ፤ የሬዩኒዮን፣ የጓዴሎፕ፣ የማርቲኒክ መዝገቦች እዚያ አሉ። በሬዩኒዮን በ1663 መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ሰዎች 10ሩ የማዳጋስካር ሰዎች ነበሩ፤ ሴቶቹም ከእነሱ ወገን ነበሩ። ስለዚህ «ንጹሕ ፈረንሳዊ ነን» የሚሉ የደሴቲቱ ጥንታውያን ቤተሰቦች የእናት መስመራቸውን ሲከፍቱ የሚያገኙትን እኔ አልነግራችሁም።

የሞንትሪያሏ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሴቶቹ መስመር ስሄድ ግን አንድ ነገር አስደነገጠኝ። በ1700ዎቹ አጋማሽ በተፈጸመ ጋብቻ ላይ ቄሱ «ከአራተኛ እስከ አራተኛ ደረጃ ላለው የሥጋ ዝምድና ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷቸው» ብለው ጽፈዋል። ዘመዳሞች ተጋብተዋል ማለት ነው? ለአባቴ ይህን እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ሰባት ቤት

አትንገሪያቸው! በእኛ ሕግ ሰባት ቤት ሳይሞላ ነው የተጋቡት፤ ሽማግሌ ሰብስበው ጋብቻውን ያፈርሱታል።

መዝገብ አንባቢ

ጋብቻው ከተፈጸመ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታልና የሚያፈርሰው አይገኝም።

እህቴ፣ አትደንግጪ፤ ይልቅ ደስ ይበልሽ። በዚያን ጊዜ የካቶሊክ ሕግ እስከ አራተኛ ደረጃ ያሉ ዘመዳሞች ያለ ፈቃድ አይጋቡም። ትንሽ መንደር ውስጥ ግን ከዘመድ ውጭ ሰው ስለማይገኝ ጳጳሱ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ቄሱም ደረጃውን ለመወሰን የሁለቱንም ዘር ማስቆጠር አለባቸው። አቆጣጠሩም ቀላል ነው፤ ወላጅ አንድ፣ አያት ሁለት፣ ቅድመ አያት ሦስት፣ የቅድመ አያት ወላጆች አራት። «ከአራተኛ እስከ አራተኛ» ማለት ሁለቱም አራት ትውልድ ወጥተው አንድ ጥንድ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። «ከሦስተኛ እስከ አራተኛ» ቢል አንዱ በሦስት፣ ሌላው በአራት ይደርሳል።

ስለዚህ ያቺ መስመር ለሥራሽ ማረጋገጫ ናት። የሙሽራውንና የሙሽራይቱን ሐረግ በየመስመሩ አራት አራት ትውልድ ወደ ላይ አውጪ። የጋራ ጥንድ ካገኘሽ እስከዚያ የሠራሽው ትክክል ነው። ካላገኘሽ ግን ከመሐል አንዱን ጋብቻ ከሌላ ሰው ጋር አገናኝተሻል፤ የት እንደሆነ ለማወቅ ምስሎቹን እዚህ ለጥፊያቸው፣ መጀመሪያ ሁለተኛ ጋብቻ ያለባቸውን።